ሃያ ሺህ የጠራው ሰው

ከይሪያ ፒያሳ ባለው የጨርቅ ሱቋ ባንኮኒውን ተደግፋ እንግዳውን ታየዋለች። ጉሙ እስከ ደጃፉ ወርዷል። የወጣቱ ኮት እጅጌው አልቋል፤ ከሥሩ የሚታየው ቱታ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞች የሚለብሱት ዓይነት ነው፤ ከኪሱ ላይ ግን አርማው ተተርትሮ ወጥቷል። ወጣቱ በቴሌግራም ለሚጠይቅ ደንበኛ ያለ ሰው ዋጋ የሚናገርና ትእዛዝ የሚቀበል ፕሮግራም ይሠራል። ለጎረቤቷ ለመሕሙድ በአምስት ሺህ ብር ሠርቶለታል።

"ለእኔስ በስንት ትሠራልኛለህ?" አለችው።

"አሁን ለደንበኛ የሚመልሰው ማን ነው?"

ከይሪያ በአገጯ ወደ ጥግ ጠቆመችው። ከሐርቡ መጥታ ሱቁ ውስጥ የተቀጠረችው ኩኩ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ ሻርፕ ታጥፋለች። ወጣቱ ትንሽ አያትና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

"ሃያ ሺህ" አለ።

"ያ አላህ! ለመሕሙድ በአምስት ሠርተህ የለም እንዴ?"

"እሳቸው ብቻቸውን ነው የሚሠሩት።"

"ቀንስ እንጂ ልጄ።"

"አልቀንስም፣ እናቴ።"

ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ከደነ። ከይሪያ ያኔ ገባት፤ ዋጋውን የሰቀለው የኩኩን እንጀራ ላለመቁረጥ ነው። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ በአራት ሺህ እንደሚሠራላት ታውቃለች፤ እሱም ሳያውቀው አይቀርም።

ደጃፉ ላይ ሲደርስ ኩኩ ስልኩን ዘግታ፣ "እጅጌውን ሳያስጠግን ሃያ ሺህ ይጠራል" ብላ ሳቀች።

ወጣቱ ሰምቷል። ዞሮ ግን አላያትም፤ የኮቱን አንገትጌ ከፍ አድርጎ ጉሙ ውስጥ ገባ።