እትዬ ብርቄ ለደሴት ጉዟችን ያመጡት ፌስታል

«እትዬ ብርቄ ናቸው። ፌስታል ይዘዋል። እንዳትከፍቺ!» አለኝ ባሌ፣ ዛሬ ከሰዓት በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ።

ከቶሮንቶ አዲስ አበባ ለሰርግ ልንሄድ ነው። መንገዳችን ላይ ዊኬንዱን አንዲት የግሪክ ደሴት ልናሳልፍ አስበናል። መርከብ ላይ ሻንጣ ላለመጎተት የምንይዘው ትንንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። ለዚህ ስንል ለማንም ላንናገር ተማምለን ነበር።

እናቴ ግን ከነእትዬ ብርቄ ጋር በምትሳለምበት ቤተክርስቲያን ተናገረች። በቃ፣ ስልኬ አላረፈም። ሁሉም «ቀላል እቃ ናት» ይላል። እኔ ቀላል እቃ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም!

«አንዱን እሺ ካልሽ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ያለ ሀበሻ በሙሉ ነው የሚመጣው። ትሪፑን ካንስል አደርገዋለሁ» አለ ባሌ። የምሩን ነው።

ከፈትኩ። ገና ሳይቀመጡ «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ለአዲስ አበባ ምንም አንይዝም» አልኳቸው። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

«ለአዲስ አበባ ነው ማን አለሽ?» ብለው ከፌስታሉ አንዲት ጧፍ አወጡ። «ካናዳ እስክትቀበለኝ አቴንስ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አሠሪዎቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴት ሲሄዱ እኔ ቤት እጠብቃለሁ። አንድም ቀን ሳላየው ቀረሁ። እዚያ ቤተክርስቲያን ስታገኙ ለኩሱልኝ።»

ባሌ ጧፏ እንዳትሰበር በራሱ ሸሚዝ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ አስቀመጣት።

እትዬ ሲወጡ በሩ ላይ ዞር አሉ። «ደግሞ ፎቶ አንሱልኝ። አሠሪዎቼ ምን ሊያዩ ይሄዱ እንደነበር ልየው።»

እናንተስ፣ ውስጡን ሳታዩ እንቢ ያላችሁት ፌስታል አለ?