ፍራሽ ተሸክሞ የወጣው ሰልፍ

ሰው የዓመት ፈቃዱን ሲያገኝ ይተኛል፤ ዘመድ ይጠይቃል፤ ቢጨንቀው ቤቱን ቀለም ይቀባል። እሷ ግን ይኸው አራተኛ ዓመቷ ነው፣ ሃያውንም ቀን ጠቅልላ ከጦርነት የሸሹ ሰዎች ወደ ሰፈሩበት መጠለያ ጣቢያ ትሄዳለች። ነርስ ናት። ሆስፒታል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ መርፌ ስትወጋ ከርማ በዕረፍቷ ደግሞ በነፃ ልትወጋ! አናጢው ባሏ፣ «ያንቺስ ሱስ ነው፤ እኔ በዕረፍቴ ምስማር ስመታ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?» እያለ ያሾፍባታል። ሻንጣዋን ተሸክሞ መናኸሪያ የሚያደርሳት ግን ራሱ ነው።

በጣቢያው «ሲስተር አያምም» ይሏታል። መርፌውን ከመሰካቷ በፊት «አያምም፣ አያምም» ማለት ልማዷ ነው። ለምን ይዋሻል፣ ያማል። ልጆቹም ይህን ስላወቁ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት እግሬ አውጪኝ ይላሉ፤ ሥራዋን ስትጨርስ ደግሞ ተመልሰው ቀሚሷ ላይ ይንጠለጠላሉ።

አንድ ማክሰኞ ሁለት ሕፃናት ትኩሳትና ሽፍታ ይዟቸው መጡ። ገና ዓይናቸውን ስታይ አወቀችው፤ ኩፍኝ ነው። ድንኳኖቹ ተጠጋግተው በተተከሉበት ቦታ ኩፍኝ ገባ ማለት ደረቅ ሣር ላይ እሳት ወደቀ ማለት ነው። ደግነቱ ወደ ከተማ አስደውላ በማግስቱ ጠዋት ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ደረሰላት። በረዶው የሚቆየው ግን እስከ ምሽት ብቻ ነው፤ ሌላ የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ። ስለዚህ በዚያው ቀን አንድም ልጅ ሳይቀር መከተብ ነበረበት።

የጣቢያው ጥበቃ ሊያግዛት ብሎ ድምፅ ማጉያውን አነሳና፣ «ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቶሎ ውጡ! ቶሎ!» ሲል ለፈፈ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጉድ ፈላ። ሰዉስ ወጣ፤ ግን እንዴት ያለ አወጣጥ! ፍራሽ የተሸከመ፣ ድስት በድስት ላይ የደረበ፣ ዶሮውን በብብቱ የያዘ። አንድ ሽማግሌማ ድንኳናቸውን ነቅለው ትከሻቸው ላይ ጥለውታል። ሲስተር አፏን ከፍታ ስታይ ሽማግሌው ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ደግሞ አሁን ወዴት ነው?» አሏት።

ያኔ ገባት። ከቀያቸው የወጡትም በዚሁ ቃል ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ድምፅ ማጉያውን ከጥበቃው ነጥቃ፣ «የትም አንሄድም! መርፌ ነው! የልጆች ክትባት ብቻ ነው!» ብላ ጮኸች።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ ጥበቃው ዞረው፣ «ስማ አንተ፣ ይህን ድንኳን ራስህ ነህ የምትተክለው!» ሲሉ ሳቁ ፈነዳ። ፍራሾቹ መሬት ላይ ተዘረጉና መጠበቂያ ክፍል ሆኑ፤ ድስቶቹም ከበሮ። ልጅ ሲያለቅስ ድስት ይደለቅለታል፣ ተወግቶ ሲነሳ ይጨበጨብለታል። ሲስተር በሥራ ዘመኗ እንዲህ የሚያስደስት ሰልፍ አይታ አታውቅም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን መዝገቡ ላይ ሦስት ስም ጎደለ። ከታመሙት ሕፃናት ጎን የምትኖር የአንዲት እናት ልጆች ናቸው፤ ለበሽታው ከሁሉ የቀረቡት። እናታቸው ጥሪውን እንደሰማች በጓሮ በኩል ይዛቸው ወጥታ ዋናውን መንገድ ይዛለች፤ ጎረቤቶቿ አይተዋታል።

ሲስተር ሳጥኑን አንጠልጥላ በዋናው መንገድ ሮጠች። ሮጠች ማለት እንኳ ማጋነን ነው፤ ሞላ ያለች ናትና ተንከባለለች ቢባል ይቀላል። ብዙ ሄዳ አገኘቻቸው፤ ልጆቹ ደክሟቸው ቀትሩን ከዛፍ ሥር አሳልፈው ገና መነሳታቸው ነው፤ ሴትየዋ የተጠቀለለ ፍራሽ በራሷ፣ ትንሹን በጀርባዋ፣ ሁለቱን በእጇ ይዛ ትገሰግሳለች።

«እህቴ፣ ተመለሺ! ክትባት ነው እኮ!»

«ያን ጊዜም ምንም የለም ብለውን ነበር» አለች ሴትየዋ ሳትቆም። «አምነው የቆዩት እዚያው ቀሩ። አሁን ምንም እንደማይመጣ ትምይልኛለሽ?»

«አዎ» የሚለው ቃል ሲስተር አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ መቼም ውሸት ለምዳለች። ይህችን ሴት መዋሸት ግን አስጠላት። «ስለ ሰው ክፋት መማል አልችልም» አለች ቁና ቁና እየተነፈሰች። «ኩፍኙን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። የትም ብትሄጂ ከልጆችሽ ጋር ይሄዳል። እዚሁ ልውጋቸው፤ ከዚያ መሄድ ካማረሽ ፍራሹን ተሸክሜ እሸኝሻለሁ።»

ሴትየዋ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «በዚህ ትንፋሽሽ?» አለችና ሳቋ አመለጣት። ፍራሹን መንገድ ዳር አወረደች። ልጆቹ በየተራ ተወጉ፤ በየተራም ጮኹ።

«አለቀ ማለት ነው?» አለች እናት፣ ካርዳቸውን ስትቀበል።

«ሁለተኛው ከወር በኋላ ነው፤ ቀኑን ጽፌልሻለሁ።»

ሴትየዋ የተጻፈውን ቀን ደጋግማ አየችው። ከቀዬዋ ከወጣች ወዲህ ሰባት ወር ሙሉ ከነገ ወዲያ ላለ ነገር ማንም ቀጥሯት አያውቅም ነበር። ፊቷን ወደ ጣቢያው መለሰች። ፍራሹን ሲስተር ተሸከመችው።

ድንኳኗ ሲደርሱ ሴትየዋ ፍራሹ የታሰረበትን ገመድ ፈታች። ከቤቷ ስትወጣ ያሰረችው ነው፤ እስከዚያች ቀን ሳትፈታው ልጆቿን ምንጣፍ ላይ ስታስተኛ ኖራለች። ሲስተር ይህን ስትሰማ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። ሴትየዋ ግን ጊዜ አልነበራትም። ገመዱን በሁለት ድንኳን መካከል ወጠረችና የልጆቿን ልብስ አጥባ አሰጣችበት።