የእጅ ሬዲዮኑና የታኅሣሥ ዝናብ

ታች ጋይንት ውስጥ በአንዲት የገጠር ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ ስሠራ እንደዚያ የእጅ ሬዲዮ ያናደደኝ ነገር የለም። ሰውም ያናድዳል፣ አለቃም ያናድዳል፤ ግን ሰው ሲደክመው ይተዋል። ሬዲዮኑ አይደክመውም። የሚደክመው ባትሪው ነው፤ እሱም በሚያስፈልግበት ሰዓት።

የተሰጠኝ የወረዳው ከተማ አርብ ገበያ ላይ ያለው ጽሕፈት ቤታችን ለስብሰባ የጠራን ዕለት ነው። አንድ ፕሮጀክት የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ ለገበሬው ቶሎ ይድረስ ብሎ ለየቀበሌው የእጅ መገናኛ ሬዲዮ ገዝቶ ነበር። ሲያስረዱን ነገሩ ቀላል ነበር። ጠዋትና ማታ ከጽሕፈት ቤቱ መልእክት ይተላለፋል፣ እኛ እንሰማለን፣ የሰማነውን ለገበሬው እንነግራለን። አለቃችን ከእንግዲህ ዝናብ ሳላስበው መታኝ የሚል ገበሬ እንደማይኖር ተናግሮ ስብሰባውን ዘጋ። እኛም አጨብጭበን፣ ሬዲዮናችንን ይዘን ተበተንን።

ተራራውን ያሰበው ሰው አልነበረም። እኔ የምኖርባት መንደር በአርብ ገበያ በኩል በተራራ የተጋረደች ናት። ሬዲዮኑን ቤቴ ሆኜ ስከፍተው ከመንሿሿት በቀር ድምፅ የለውም። የቤት አከራዬ፣ ባላቸው የሞቱባቸውና መሬታቸውን ለእኩል እየሰጡ የሚያሳርሱ ሴት፣ ከግድግዳው ማዶ ሆነው ያንን ነገር ዝጊው እያሉ ይለምኑኝ ነበር። እናም በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉብታ ላይ መውጣት ግዴታዬ ሆነ። እዚያም ቢሆን የጽሕፈት ቤቱ መልእክት አንድ ቀን ቢሰማ ሦስት ቀን አይሰማም። ሲሰማም "በአንዳንድ ቦታዎች" ይልና ይቆራረጣል። የትኞቹ ቦታዎች እንደሆኑ እስካሁን አላውቅም።

ጥገናውም የእኔ ነበር፤ ሌላ ማን ይጠግነዋል? የባትሪው መንከሻዎች በእርጥበት አረንጓዴ ሆነው ይዝጋሉ። ጥጥ አረቄ ውስጥ እየነከርኩ እጠርጋቸዋለሁ። አረቄውን ከአከራዬ ስጠይቅ ሬዲዮም ይጠጣል እንዴ ብለው ሳቁብኝ፤ በኋላ ግን ራሳቸው በሲኒ እየቀዱ ያስቀምጡልኝ ጀመር። አንቴናው አንገቱ ላይ ስለሚላላ በየሳምንቱ ፈትቼ አቧራውን አራግፌ መልሼ አጠብቀዋለሁ። ቻርጅ የማደርገው ጤና ኬላው ሶላር ላይ ነው። እዚያ ደግሞ የቀበሌው ስልክ ሁሉ ተደርድሮ ተራ ይጠብቃል። ተራዬ እስኪደርስ ፀሐዩ ይጠልቃል።

ሬዲዮኑ ላይ አንዲት ቁልፍ አለች። እሷ ስትጫን ከቻናል ቻናል እየዞረ ያስሳል፣ የሰው ድምፅ ያገኘበት ላይ ይቆማል። የጽሕፈት ቤቱ ቻናል ዝም ሲልብኝ ተስፋ ቆርጬ ይህችን ቁልፍ መጫን ለመድኩ። ሁልጊዜ የሚቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከበሽሎ ሸለቆ ማዶ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ላይ። በእኛና በእነሱ መካከል ገደል እንጂ ተራራ ስለሌለ ድምፃቸው ጎረቤት የተቀመጡ ያህል ጥርት ብሎ ይመጣል። ናፍጣ አለቀ፣ ጎማ ፈነዳ፣ ሽንኩርት ሳትይዝ እንዳትመጣ። ምሳቸው ምን እንደሆነ በየቀኑ አውቅ ነበር። ስለ አየር ጠባይ ግን አንዲት ቃል የለም። የቀበሌው ሚሊሻም ጉብታው ላይ አንቴና ይዤ ስንከራተት እያየ ከማን ጋር እንደማወራ ይጠይቀኛል። ማውራቱ ቀርቶ መስማቱንም አልቻልኩም ብዬ አንዴ ጮህኩበት።

ለጽሕፈት ቤቱ ደጋግሜ አመለከትኩ። በመጨረሻ የኮምፒውተር ባለሙያው ሬዲዮኑን ተዪው ብሎ ስልኬን ተቀበለኝ። የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ፕሮግራም ሊጭንልኝ ነው፤ ከባድ ነገር ሲመጣ ስልኩ ራሱ ይጮኻል። የመንደራችንን ስም ጻፈ፣ የለም። አርብ ገበያን ጻፈ፣ የለም። የትውልድ አገሬን ጠየቀኝና እስቴ ነኝ አልኩት። ጻፈው፣ ወዲያው ወጣ። እስቴ ቅርብ ስለሆነ እዚያ የመጣ ዝናብ ለጋይንትም ያው ነው አለኝ። እኔም አምኜ ስልኬን ይዤ ተመለስኩ።

ጩኸቱ የመጣው በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነው። ጉብታው ላይ ኔትወርክ ስለሚገኝ እዚያ ስደርስ ስልኬ ከቦርሳዬ ውስጥ አንባረቀ። ስልኬ በአማርኛ ነው የሚሠራው፤ ቀይ ጽሑፍ ላይ "ከባድ በረዶ ይጠበቃል" ይላል። ቁልቁል ሳይ ስንዴው ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ ታጭዶ ነዶው በየማሳው ተበትኗል። በረዶ ቢወርድበት ዘር እንኳ አይተርፍም። ሮጬ ወደ ቄሰ ገበዙ ሄድኩ።

ቄሰ ገበዙ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ድምፅ ማጉያውም በእሳቸው እጅ ነው። ያለ ቅዳሴና ያለ ስብከት ለማንም አይከፍቱትም። የወረዳው ሰዎች ለስብሰባ መጥሪያ ጠይቀዋቸው እንኳ እምቢ ብለዋል። ያን ቀን ግን ስልኩን አይተው ረጅም ጊዜ አሰቡ። በማግሥቱ በዓል ነው፤ ሰው ሥራ አይነካም። ከካህናቱ ጋር ተመካከሩና ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ በድምፅ ማጉያው ተናገሩ። በረዶ እየመጣ ስለሆነ ሰው እህሉን እንዲሰበስብ፣ የበዓሉን ነገር እሳቸው በጸሎት እንደሚይዙት።

ሰው ከድግሱ ተነሥቶ ማሳ ወረደ። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተደፍቶ ሳለ እንግዳ የጠራ ሁሉ ማጭድ ያዘ። ያልደረቀውንም አጨዱት። ፀሐዩ ግን ቀኑን ሙሉ አናት ሲበሳ ዋለ። በማግሥቱም እንዲሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ጠብታ አልወረደም።

እኔ ነገሩ ስላልተዋጠልኝ ጉብታው ላይ ተቀምጬ ስልኩን ከፈትኩት። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ነው ይላል። እስቴ ብርድ ነው፤ ይህን ያህል ግን አይደለም። ዝቅ ብዬ ሳነብ የአገሩ ስም ተጽፏል፤ ጣሊያን። ጣሊያን አገር እስቴ የሚባል ከተማ አለ ለካ። በረዶውም እኛ የምናውቀው እህል የሚያደቅ በረዶ አይደለም፤ እንደ ጥጥ የሚወርደው የፈረንጅ አገር በረዶ ነው። በአማርኛ ሁለቱም በረዶ ናቸውና ስልኩ ዋሽቷል ማለት አይቻልም። ለባለሙያው ደውዬ ስነግረው ሳቀ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ለቄሰ ገበዙ ሌላ ሰው ሳይነግራቸው እኔው ሄጄ ነገርኳቸው።

"ጣሊያንም እስቴ የሚባል አገር አለው?" አሉኝ።

"አለው አባ።"

"ስሙን ከኛ ወስደው ነው?"

"እሱን አላውቅም አባ።"

"እንግዲህ በሚካኤል ቀን ሕዝቡን ሥራ ያወጣሁት ለጣሊያን በረዶ ነው" አሉና ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ ይቀበሉ ነበር። መንደሩ ውስጥም ሰው ሲያየኝ ዛሬ ጣሊያን አገር እንዴት አደረ ይለኛል። ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ያለቀስኩበት ቀን አለ፤ ከኀዘን ይልቅ ከብስጭት ነው።

ታኅሣሥ ገባ፤ ውቂያ ተጀመረ። ነዶው ከማሳ ተነሥቶ በየአውድማው ተከምሯል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉብታው ላይ ተቀምጬ አንቴናውን አጽድቼ፣ መጥበቁን ለማየት ያችን ማሰሻ ቁልፍ ተጫንኩ። እንደ ልማዱ የመንገድ ሠሪዎቹ ላይ ቆመ። የተለመደው የሽንኩርት ወሬ ግን አልነበረም። ኃላፊያቸው ነው የሚናገረው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ሁሉም ማሽን ከገደሉ አፋፍ ይውጣ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ነው፣ ወደ በሽሎ እየተሻገረ ነው ይላል። ወደ ምሥራቅ ዞሬ አየሁ። ከሸለቆው ማዶ ሰማዩ ጠቁሯል። እኛ ዘንድ ግን ፀሐይ ነው፤ በሬዎቹ አውድማ ላይ ይዞራሉ፤ የሚያዘራውም ያዘራል።

ቄሰ ገበዙን ከጉብታው አናት ዝቅ ብሎ ባለው የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ደጃፍ ላይ የተቀደደ ጥላ ሲሰፉ አገኘኋቸው። ድምፅ ማጉያውን ይክፈቱልኝ አልኳቸው። መርፌውን ሳያቆሙ እምቢ አሉ።

"አባ፣ ይሄኛው የስልኩ አይደለም። እዚህ ማዶ ያሉ ሰዎች ናቸው።"

"ያኔም እስቴ ነው ብለሽኝ ነበር።"

"እንግዲያው ራስዎ ይስሙት።"

ሬዲዮኑን ጆሯቸው አጠገብ አደረግኩት። በዚያች ቅጽበት ጠፋ። ባትሪውን አውጥቼ በነጠላዬ ጫፍ ፈተግኩት፣ መለስኩት፤ አልሠራም። እንደገና አወጣሁት። እሳቸው መርፌያቸውን አቁመው እኔን ያያሉ እንጂ ሬዲዮኑን አያዩም። ሲነሣልኝ የኃላፊው ድምፅ ፍርሃት ተሞልቶ መጣ። "ማሽኑን ተወው እባክህ፤ ጎርፉ መንገዱን ሳይቆርጠው ልጆቹን ይዘህ ውጣ" ይላል።

ቄሰ ገበዙ ጥላውን አስቀመጡት። "ይሄ ሰው ነፍሱን ነው የፈራው" አሉና ቁልፋቸውን ይዘው ተነሡ።

ድምፅ ማጉያውን ከፈቱት፤ አይሠራም። የመኪና ባትሪ ነው የሚያሠራው፤ የትናንቱ ስብከት ረዝሞ ኖሮ ጨርሶታል። እኔ በዚያች ሰዓት ባትሪ የፈጠረውን ሰው ባገኘው ምን እንደማደርገው አላውቅም። እሳቸው ግን ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ደወሉ ሄዱና ይደውሉ ጀመር።

ያለ ሰዓቱ ደወል ሲሰማ ሰው ምን ያደርጋል? ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሮጣል። አውድማውን ጥለው፣ በሬውን ጥለው፣ መንደሩ በሙሉ ሽቅብ ወደ ጉብታው መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ተቃጠለ ያለ ነበረ፣ ሰው ሞተ ያለ ነበረ። እኔ ደግሞ ከላይ ሆኜ ተመለሱ፣ ክምራችሁን አልብሱ እያልኩ እጮኻለሁ። ከደወሉ ጋር ማን ይሰማኛል? የሰሙትም ጣሊያን ነው እያሉ ይሳሳቃሉ። ቄሰ ገበዙ ደወሉን ትተው ወደ ሕዝቡ ወጡና "በራሴ ጆሮ ሰምቻለሁ፣ ውረዱ" ሲሉ ነው ሰው መውረድ የጀመረው። ያን ጊዜ ነፋሱ መጥቷል፤ ፀሐዩም ጠፍቷል።

ሸራ ያለው ሸራ፣ ላስቲክ ያለው ላስቲክ፣ የሌለውም ቆዳውንና ገለባውን ክምሩ ላይ ጣለ። ዝናቡ በረዶውን ይዞ ወረደ። የደረሰ ደረሰ፤ ያልደረሰ አልደረሰም። አከራዬ ጋ ስሄድ ክምራቸው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ዙሪያው በድንጋይ ተይዞ አገኘሁት። ደወሉን ሰምተው ለምን እንዳልወጡ ጠየቅኳቸው። ልጄ፣ ቁልቁል ወደ ዕቃ ቤቱ ስትሮጪ አይቼ ነው አሉኝ። ከሰው ሁሉ ይልቅ የማያምኑኝ እሳቸው ይመስሉኝ ነበር።

ካልዳነው አንዱ የቄሰ ገበዙ እህል ነው። እሳቸው ሲደውሉና ሕዝቡን ሲመልሱ ክምራቸውን የሚያለብስ አልነበረም። በማግሥቱ ከላይ ያለው ነዶ ጠቁሮ፣ የታችኛው ውሃ ጠጥቶ ሲያሰጡት ደረስኩ። አብሬያቸው ነዶ ገለበጥኩ። አንዳችም አልወቀሱኝም። እንዲያውም የማዶዎቹ ሰዎች በሰላም ወጥተው እንደሆነ ጠየቁኝ። ጠዋት ሰምቻቸዋለሁ፤ ሁሉም ደህና ነበሩ። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ።

የጽሕፈት ቤቱ መልእክትም የመጣው በዚያው በማግሥቱ ነው፤ ዝናብ ሊኖር ስለሚችል በአንዳንድ ቦታዎች ጥንቃቄ ይደረግ ይላል። በዚያው ሰሞን አለቃዬ አርብ ገበያ አስጠራኝ። ላመሰግንሽ ነው የሚለኝ መስሎኝ ነጠላ ቀይሬ ሄድኩ። ያልተፈቀደ ቻናል ስታዳምጪ ነበር፣ ከሕጋዊው መረጃ ውጭ ሕዝብ አውከሻል አለኝ። ሕጋዊው መረጃ ዝናቡ ካባራ በኋላ እንደደረሰኝ ነገርኩት። እንደዚያም ቢሆን መጠበቅ ነበረብሽ አለኝ። አፌ ላይ የመጣውን ብመልስለት ኖሮ ሥራዬን ዛሬ አልሠራም ነበር።

መንገዱ አልቆ ሠራተኞቹ ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። ማዶው ዝም አለ። የሬዲዮኑም ባትሪ አብጦ ክዳኑን ገፍቶ ወጣ፤ መለወጫ ስላልተገኘለት ለንብረት ክፍል መለስኩት።

እኔም ወደ እስቴ ከተማ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ተዛወርኩ። ቄሰ ገበዙ ግን ስልክ ገዝተዋል። በመኸር ወራት ጉብታው ላይ ወጥተው ይደውሉልኛል፤ አንዳንድ ቀን ገና ሳይነጋ። ቦታውን ያስተካከልኩለት ስልኬ ምን እንደሚል ይጠይቁኛል። ዛሬ ዝናብ የለም ይላል አባ እላቸዋለሁ። እኔ እኮ ደመና ይታየኛል ይሉኛል። እንግዲያው ያልብሱት እላቸዋለሁ። አንቺ የለም ብለሽኝ የለም እንዴ ይላሉ። እንዲህ እየተነታረክን የስልኬ ሒሳብ ባያልቅም ትዕግሥቴ ያልቃል። አንድ መኸር ስልካቸው ሳይመጣ ሁለት ቀን ያለፈ ጊዜ ግን መቀመጥ አቅቶኝ እኔው ደወልኩ። ውቂያ ላይ ነን፣ ሰማዩ ጥሩ ነው፣ ምን ሆንሽ አሉኝ። ምንም አልሆንኩም አባ፣ ደህንነትዎን ልጠይቅ ብዬ ነው አልኳቸው።