ቫል ግድብ ላይ ያልተነገረ መርዶ

ባለቤቴ የእናቷ ሕመም ስላስጨነቃት ሽርሽር አልሄድም ብላ ነበር። ጎትጉቼ ያስነሳኋት እኔ ነኝ። ልጆቹ ከጆሃንስበርግ ግንብ ሌላ አያውቁም፤ እሷም ከጀፕስታውን ሱቋ ወጥታ አየር አልቀመሰችም። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቫል ግድብ ላይ የሚከራይ ካታማራን አገኘሁ፤ ሁለት ቀፎ ጎን ለጎን የተጣመረበት የሸራ ጀልባ ነው። አሮጌ ስለሆነ ኪራዩ አይጎዳም። ከነነጂው ለሦስት ቀን ያዝኩት።

በወጣን ማግስት ጠዋት ውሃው መሀል እያለን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከአዋሳ ደወለልኝ። እናታቸው ሌሊት አርፈዋል፤ ዛሬ ይቀበራሉ።

"እንዳትነግራት" አለኝ። "መርዶ በየሜዳው አይነገርም። ቤቷ አድርሳት፤ የዕድራችሁ ሰዎች ነገ ማለዳ መጥተው ያርዷት። አንተ ወንድ ነህ፣ ቻለው።"

ቻለው! እሱ ከአገር ምድሩ ጋር እያለቀሰ፣ እኔ መላወሻ በሌላት ጀልባ ላይ ፊቴን የት ልደብቅ?

ነጂውን አሁኑኑ መልሰን አልኩት። ሞተሩን ቢለው ቢሠራው አልነሳ አለ። ነፋስም የለም፣ ሸራው ተጨማዶ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው ነጂ "ከሰዓት በኋላ ይነፍሳል" ብሎ ሻዩን ቀዳ። ያን ሰውዬ ከነሻዩ ውሃ ውስጥ ብወረውረው ደስ ባለኝ።

ባለቤቴ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ከልጆቹ ጋር ትራጫለች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ዓመታት አልፈዋል።

"ምነው ፊትህ ጠቆረ?" አለችኝ።

"ውሃው አዙሮኝ ነው።"

"ወይ የኔ ጀግና!" ብላ ሳቀችብኝ። ልጆቹም ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ? እናቷ እየተቀበሩ እኔ ጥርሴን አገጥጣለሁ። እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼው አላውቅም።

ከዚያ መሪውን ጨብጣ ትልቋን ልጃችንን ቅረጪኝ አለቻት። "እማዬ፣ እይኝ! ልጅሽ መርከብ ነጂ ሆነች! እስቲ እንዴት እንዳደርሽ ንገሪኝ" አለችና ቪዲዮውን ለእናቷ ላከችው። የእናትየው ስልክ በወንድሟ እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። አምላኬ ሆይ፣ ዝም አሰኘው ብዬ ለመንኩ።

ብዙም ሳይቆይ መልስ ገባ። ጮክ ብላ አነበበችው።

"አየሁሽ የኔ ልጅ። ዛሬ ደህና ነኝ፣ አታስቢ።"

ስልኩን ደጋግማ ሳመችው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ተመስገን!" አለችኝ። "በል እንግዲህ፣ እማዬ ከተሻላት አንድ ቀን እንጨምር።"