የዘር ገብሴን የቆላሁ ለታ

ከድሬዳዋ በጭነት ባቡር የወጣሁ ሌሊት ከልብስ የያዝኩት አንድ ቅያሪ ብቻ ነው። ሌላው ሸክሜ በዘይት ቆርቆሮ የታሸገ የአባቴ ጥቁር ገብስ ነበር። የመንዝ ሰው ያውቀዋል፤ ገንፎው አንጀት ያርሳል፣ በሶው መንገደኛ ያደርሳል።

የጅቡቲ ጉምሩክ ሹም ቆርቆሮውን ከፍቶ ፊቱን አጨማደደ።

«ይህ እህል ተቃጥሏል።»

«ሙሴ፣ አልተቃጠለም። ሲፈጠርም ጥቁር ነው።»

«ጥቁር ገብስ አይቼ አላውቅም።»

«ጥቁር ሰውስ?»

ሳቀና አሳለፈኝ። «ሙሴ» ብዬ የመለስኩለት በፈረንሳይኛ ነው፤ ድሬዳዋ ጣቢያ ከተለጠፈ ጽሑፍ፣ ያለ አስተማሪ፣ በራሴ የለቀምኩት ፈረንሳይኛ!

ካርቲየ ዱ በሚሉት የጅቡቲ ሰፈር ቤት ተከራየሁ። መንዝ ጎተራ ውስጥ ዓመታት የሚቆየውን እህል እዚህ ሙቀቱና ነቀዙ በወር ይጨርሱታል። የእኔን ግን አልደፈሩትም። በአመድ ለውሼ አሽጌው፣ በየዓመቱ አምስት ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ አብቅዬ እፈትነዋለሁ። ለታናሽ ወንድሜ ለታዬም በስልክ «ዘራችን እኔ ዘንድ ነው፤ አታስብ» እለዋለሁ።

ባለፈው ሐምሌ የታዬ ልጅ ወይንሸት በሬን አንኳኳች። ለወላጆቿ ሳትናገር ነው የወጣችው፤ ከዚህ በጀልባ ወደ የመን ልትሻገር።

«የመን ጦርነት ነው እኮ፣ ልጄ!»

«እኔ ሳውዲ ነው የምሄደው፣ ጋሼ።»

«እዚሁ ሰው ቤት ላስቀጥርሽ። የማላውቀው ሰው የለም።»

«ለእርስዎ አገር ሆነልዎት? ይኸው እስካሁን አልጋ እንኳ የለዎትም።»

የምተኛበትን ምንጣፍ አነጠፍኩላት።

«ለአባቴ እንዳይነግሩብኝ» አለች። «በሶ ካለዎት ግን ለመንገድ ይስጡኝ።»

ገበያ ብዞር ገብስ የለም። ቆርቆሮውን አወረድኩ። አመዱን አበጥሬ፣ አጥቤ፣ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ቆልቼ አስፈጨሁት። የተቆላ ገብስ እንደማይበቅል አውቃለሁ።

«በጨው ጨብጠሽ ብዪ፤ ውሃ ካገኘሽ በጥብጪው። ይህን የያዘ ሰው መንገድ ላይ አይቀርም» አልኳት። ጉራዬ እዚያም አልቀረም።

የየመን ጀልባ ወደሚነሳበት ወደብ፣ ወደ ኦቦክ፣ በሚሄድ መኪና ተሳፈረች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም።

ትናንት ታዬ ደወለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ሁላችንም የዘራነውን ነጩን ገብስ በረዶ ጨረሰው። ጥቁሩ ዘር አገሩ ላይ ጠፍቷል፤ ካንተው በሰው ላክልን። አለ አይደል?»

«አለ» አልኩት።

«ተመስገን። ወይንሸትስ ወዳንተ አልመጣችም? እናቷ በር በሩን እያየች ነው።»

«አልመጣችም።»

«ከመጣች፣ ከዘሩ ትንሽ ቀንሰህ ገንፎ አሠራላት፤ ትወዳለች» አለኝ።

እሺ አልኩት።