በእትዬ ልክ የተሠራ ክፍል

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሰው ሲያይ ፊቱን ሳይሆን መጀመሪያ ትከሻውን ነው የሚያየው። ባሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ይዤው የመጣሁ ቀን እናቴ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ ስትጠይቀው፣ አባቴ ትከሻና ትከሻውን አየና «የግራ ትከሻው ዝቅ ይላል፤ ትንሽ ስፖንጅ ቢገባበት ግን ይስተካከላል» አለ። ምርቃቱ ይኸው ነበር። ባሌ እስከ ዛሬ መስታወት ፊት ሲቆም ግራ ትከሻውን ቀና ያደርጋል።

ሱቁ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሰፈሩ የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ ከእጁ የወጣ ልብስ አይጣመምም፣ በቀጠሮው ቀን ደግሞ አይደርስም። ኮሌታው አንዲት ክር ታህል ካዘነበለ «ይተረተር!» ይላል፤ ባለቤቱ ቆሞ እየለመነው እንኳ ይተረትረዋል። ብልጥ ደንበኞቹ መድኃኒቱን ስላወቁ የሠርጋቸውን ቀን ቀደም አድርገው በውሸት ይነግሩታል። እሱም ያውቃል፣ ግን አይቀየማቸውም።

እትዬ ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ቀን መሥሪያ ቤት ታይፕ ስትመታ ውላ ማታ የሱን ሱሪ ትጥፍ ነበር። መርፌ የያዘው እሷን እያየ ነው። እሱ «እትዬ» ስለሚላት እኛም ልጆቹ፣ እናቴም ጭምር፣ እትዬ እንላታለን። የምትኖረው ከኛ ብዙም ሳይርቅ ፎቅ ላይ ብቻዋን ነበር። ደረጃው በውጪ በኩል ነው፣ ጣሪያ የለውም። ጉልበቷ እምቢ ሲላት መሀል ላይ ቁጭ ብላ ማረፍ ጀመረች።

ልጇ ሩቅ ከተማ ነው ያለችው። «ነይ እኔ ጋ ኑሪ» እያለች ስትወተውታት እትዬ አንድ ቀን አባቴን ጠራችው።

«እዚያ ሄጄ ማንን አውቃለሁ? ከቤትህ ጎን አንዲት ክፍል ቀጥልልኝ። ክረምቱ ሳይገባ ካለቀ ካንተ ጋ ነኝ። ካላለቀ ልጄ መጥታ ትወስደኛለች፤ በዝናብ ያንን ደረጃ አልችለውም።»

አባቴ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ነገሩን የሰማው ጎረቤታችን፣ ሥራው ቤት ማሠራት የሆነ ፈጣን ሰውዬ፣ በማግስቱ ሻይ ሊጠጣ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ለኔ ይተዉት። ሰዎች አሉኝ፣ ዕቃ አለኝ። ክረምቱ ሳይገባ ቁልፉን እሰጥዎታለሁ» አለ። እናቴ ሻዩን ደገመችለት። አባቴ በሩ ድረስ ሸኝቶት ተመለሰና «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰውየው ስም እኛ ቤት «ቶሎ ቶሎ» ሆኖ ቀረ።

«እንዴ! ሥራው እኮ ነው!» አለች እናቴ። «አንተ ብሎኬት ነክተህ ታውቃለህ?»

«ሰው ለክቼ አውቃለሁ። ኮንትራክተር ማለት ሬዲሜድ ማለት ነው። ለሁሉም ይሆናል፣ ለማንም ልኩ አይደለም። እትዬ ሬዲሜድ አትለብስም።»

«አትለብሰውማ! ልትተኛበት እኮ ነው!»

ማን ይስማት። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ እትዬ ጋ ሄደ። ከወለል እስከ ጉልበቷ፣ እጇ ሲዘረጋ የሚደርስበትን፣ ተቀምጣ ዓይኗ የሚውልበትን ሁሉ ለካ። «ምነው፣ የሬሳ ሳጥን ልታሠራልኝ ነው?» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እሱ አልሳቀም፤ በአፉ መርፌ የያዘ ይመስል ከንፈሩን ገጥሞ መለካቱን ቀጠለ።

ያመጣው ግንበኛ ወሬኛና ዘፋኝ ነበር፤ እጁ ግን አይሰንፍም። ግድግዳው ከፍ ሲል ደስታችንም ከፍ አለ። አባቴ ሱቁን ዘግቶ፣ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ከሥራው አልለይ አለ። መስኮቱ ቅርጽ ሲይዝ ወንበር አመጣና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ፣ ራሱን በእትዬ ቁመት ዝቅ አደረገ፣ አንገቱን ወዲያ ወዲህ አለ።

«ይተረተር» አለ።

«ምኑ?» አለ ግንበኛው።

«መስኮቱ። ተቀምጣ መንገዱን አታይም።»

«ጋሼ፣ ብሎኬት እኮ ነው! ክር የለው፣ ምኑ ይተረተራል?»

ተተረተረ። ቀጥሎ በሩ ሲከፈት አልጋውን እንደሚነካ ደረሰበት። አልጋዋን ወለሉ ላይ በጠመኔ ስሎ ተጋደመበት፤ ከዚያ እንደ እትዬ እያነከሰ ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። እኛ ከኩሽና በመስኮት እያየን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በሩም ተተረተረ። ከበሩ በኋላ ደፉ፣ ከደፉ በኋላ መደርደሪያው የሚገባበት የግድግዳ ጎድጓዳ። ሰማዩ መዳመን ሲጀምር ሳቃችን እየቀነሰ ሄደ።

አንድ ቀን ጠዋት ግንበኛው መሣሪያውን ሰብስቦ «መጣሁ ጋሼ» ብሎ ወጣ። «መጣሁ» ማለት ምን ያህል መሄድ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሌላ ሥራ ይዞ ኖሯል። ቶሎ ቶሎ ቢሆን አንዱ ሲሄድበት ሌላውን ይተካ ነበር፤ አባቴ ግን ሰው ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ተንከራተተ። በመጨረሻ ያገኘው ግንበኛ ደግሞ ገና ከመግባቱ «ይሄን የሠራው ማነው?» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጣሪያ መቺዎቹ «ግድግዳው ሲያልቅ ጥሩን» አሉ። ለጣሪያ የመጣው እንጨት ውጪ ሜዳ ላይ ጠሉን እየጠጣ ተጣመመ።

«ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» አለች እናቴ፣ ሰማዩን እያየች።

«አባዬ፣ ቶሎ ቶሎን እንጥራው። የቀረውን ይጨርስልን» አልኩት።

«ግማሽ የተሰፋ ልብስ ለሌላ ሰፊ አይሰጥም። ነውር ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ በነሱ ሙያ ነውር ነው። ሌላው የጀመረውን የሚቀበል ልብስ ሰፊም የለም። ግን ይሄ ልብስ አልነበረም። እዚያው ቆሜ ልጮህበት አማረኝ፤ እጁ ላይ ያለውን የሲሚንቶ ቁስል ሳይ አንጀቴን በላውና ተውኩት።

ዝናቡ ጣሪያውን አልጠበቀም። የእትዬ ልጅ መጣች፤ ዕቃው ታስሮ መኪና ላይ ተጫነ። እትዬ ግን «ሳላየው አልሄድም» አለች። በእኔና በልጇ ተደግፋ፣ ጃንጥላ ይዛ ክፍሏ ገባች። ደፉን ያለ ችግር ተሻገረችው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ መንገዱ ወለል ብሎ ታያት። እጇን ዘረጋች፣ መደርደሪያው ቦታ ላይ ደረሰ።

«ሁሉም ልኬ ነው» አለች። ዝናቡ ጃንጥላዋን ይደበድባል።

«ጣሪያው ብቻ ነው የቀረው፣ እትዬ» አለ አባቴ። ጭንቅላቱ በስብሷል። «ጣሪያው ብቻ።»

በመዳፏ ፊቱን ጠረገችለት፣ እንደ ሕፃን። ከዚያ ሄደች። መኪናው ሲታጠፍ እናቴ ማድቤት ገብታ አለቀሰች፤ እኔም ተከትያት ገባሁ።

ቶሎ ቶሎን የጠራው ራሱ አባቴ ነው። ሰውዬው ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ሰዎቹን እያሰማራ ጣሪያውንም ወለሉንም ጨረሰው፤ ክረምቱ ገና አላባራም ነበር። አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። እንዲያውም «ግድግዳው ጥሩ ነው ጋሼ» አለው። ቢሰድበው ይሻል ነበር። እናቴ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የምትለው ተረት አፏ ላይ ደርሶ ስትመልሰው አየኋት።

ክፍሉ ተቀብቶ፣ አልጋው ገብቶ፣ አባቴ ስልክ ደወለ። ጆሮው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ሁላችንም እንሰማለን።

«አለቀ እትዬ! መቼ ልምጣና ልውሰድሽ?»

«እሰይ፣ እጅህን ይባርከው። እኔ ግን በቃኝ» አለች። «ያን መንገድ እንደገና በዚህ ጉልበት አልችለውም። እዚህም ቀስ በቀስ ሰው እየለመድኩ ነው። እናንተው ኑና እዩኝ።»

«እንዴት ይሆናል! ልክሽ እኮ ነው! የኮት መስቀያው እንኳ በእጅሽ ልክ ነው!»

እትዬ ሳቀች፤ የቂም ሳቅ አልነበረም።

«አንተ ልጅ» አለችው፣ «እኔ መቼ ልክ ጠየቅሁህ? ያስጠለለኝ ይበቃኝ ነበር።»

አባቴ «እሺ» አለ። ጉልበቷን ከብርድ እንድትጠብቅ ነገራት፣ ለልጇ ሰላምታ ላከ፣ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ያስጠለለኝ ይበቃኝ ነበር፣ ነው ያለችው?» አለኝ፣ እንዳልሰማ ሰው።

«አዎ አባዬ» አልኩት።