ከማን ጋር ጠጣህ?

ቀበሌው አንድ ሾፌር ምከር ብሎ ሲልክብኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቀበሌውን ነው። ላሊበላ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ፤ ሰካራም ማቃናት ከመቼ ወዲህ ሥራዬ ሆነ? ሾፌሩ ገና ጢሙ ያልወጣ ልጅ ነው። ጠጥቶ ከፍላቂት ሲመለስ የመንግሥት እህል የጫነች መኪና ገልብጧል። ደግነቱ ሰው አልሞተም። በምክር ከታረመ እንደሚተወው፣ ካልታረመ ለብሔራዊ ውትድርና እንደሚልከው የቀበሌው ሊቀ መንበር ነገረኝ። መንግሥት ወንበዴ ከሚላቸው አማፅያን ጋር ወደሚደረገው ጦርነት ከተላከ ጎረቤት የተመለሰ አላየንም።

ልጁ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። የት ነው የምትጠጣው? መቼ? ከማን ጋር? እያልኩ ጠየቅሁት። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በተመላለሰ ቁጥር እንዲሁ ነው። የናቀኝ መስሎኝ በገንኩ። ለካ በዚያ ዘመን እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቀው የቀበሌው መርማሪ ነበር፤ የሚጠይቀውም በዱላ ነው።

ጥያቄውን ትቼ ስለ መንገዱና ስለ ፍሬኑ ሳጫውተው ቀስ በቀስ አፉ ተፈታ። ፍላቂት ሲሄድ ዘመዶቹ የጽዋ ማኅበር ላይ ይቆዩታል። ሽማግሌዎቹ በሞቴ እያሉ ጠላውን ይደጋግሙለታል፤ የቅዱሱን ዝክር እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። የማኅበሩ ቄስ እንዳትጠጣ ከገዘቱህ ማንም አይጎተጉትህም አልኩት። ሄዶ ነገራቸው፤ ገዘቱት። ከዚያ ወዲህ ከፍላቂት ሲመለስ አፉን አሸት ነበር፤ አንድም ቀን አልሸተተኝም። ኮራሁ።

ሊቀ መንበሩ ግን ስለ መታረሙ ምንም አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ ከማን ጋር ይጠጣ እንደነበር ብቻ ነው። ሽማግሌዎች አንድ ቤት ከተሰበሰቡ የወንበዴ ስብሰባ ነው የሚባልበት ጊዜ ነበር። አጣርቼ ልምጣ ብዬ ወጣሁና ለልጁ ነገርኩት። ብዙ አላሰበም።

«መምህር፣ ብቻውን ነው የሚጠጣ ይበሉልኝ። ሽማግሌዎቹ ዱላ አይችሉም።»

እንዳለኝ አልኩ። ሊቀ መንበሩ ብቻውን የሚጠጣ ሰው ምክር አይመልሰውም ብሎ በዚያው ሳምንት ለውትድርና ሰደደው።

እናቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር።

«ልጄ ብቻውን ጠጥቶ አያውቅም። ለምን ዋሹበት?»

እኔ ግን ልታውጣጣኝ ቀበሌው ልኳት ይሆን ብዬ ጠረጠርኩና ወደ ክፍል ገባሁ።